የጌጁ ቀይ ምልክት

ሳሌሃ የመጀመሪያውን የሕክምና ዕቃ ጥቅል ከእንፋሎት መቀቀያው አውቶክሌቭ አውጥታ የታሸገበትን ቴፕ ስታይ ደነገጠች። በእንፋሎት በደንብ የበሰለ ጥቅል ቴፑ ላይ ያሉት መስመሮች ከሰል ይመስላሉ፤ የዛሬዎቹ ግን የሻይ ቀለም እንደያዙ ቀርተዋል። ሁለተኛውን አወጣች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ቴፑ አርጅቶ ይሆናል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ሆዷ ግን እሺ አላላትም።

ቀና ብላ የግፊት መለኪያውን ጌጅ አየች። የድሮው ማክሰኞ ተሰብሮ በአዲስ ተተክቷል። በድሮው ላይ ጠቋሚው ወደ ጣሪያው ቀጥ ሲል ግፊቱ ልክ ነበር። በዚህ ክሊኒክ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ስትቀቅል ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ቁጥር ማንበብ አላስፈለጋትም። መስታወቱ ላይ በጥፍር ቀለም የቀባችው ቀይ ምልክት ይበቃት ነበር። አዲሱ ሲመጣም ቀድማ የሠራችው ነገር እዚያው ቦታ ላይ ቀይ መቀባት ነው። ማን ይጠረጥራል! ዛሬ ገና ከምልክቷ ሥር ያለውን አነበበች፦ ዜሮ ነጥብ ስምንት ባር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደግሞ እንደ ድሮው ጌጅ በፓውንድ ነው፤ አሥራ አምስት ይላል።

ቡታጋዙን ዘግታ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ አስፋልቱን ተሻገረች። ጎሚስታው ጀማሉ ለጁምዓ ሶላት ሱቁን እየዘጋ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ጀማሉ። አንዴ፣ በአላህ!"

"ወአለይኩም ሰላም። ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"አንድ ባር ስንት ፓውንድ ነው?"

ጀማሉ ሳቀ። "ለዚህ ነው እንዲህ የሮጥሽው? አሥራ አራት ተኩል ነዋ! የድሮ ሹፌር በፓውንድ ሙላልኝ ይላል፣ የዛሬዎቹ በባር። እኔ ስመነዝር ነው የምውለው።" ከኪሱ የጎማ መለኪያውን አወጣ። "ይኸው፣ ፓውንዱ በውስጥ፣ ባሩ በውጭ።"

"ዜሮ ነጥብ ስምንትስ?"

ጣቱን መስታወቱ ላይ አስኬደ። "አሥራ አንድ ተኩል ገደማ።"

"አሥራ አምስት እንዲሞላ ብፈልግስ?"

"አንድ ባርን ትንሽ ታሳልፊያለሽ። ምነው፣ የማን ጎማ ነው? ንፋስ ካነሰው እንደሆነ ሹፌሩ ቡኢ ሳይደርስ ተመልሶ ይሰድበኛል፣ እኔም እሞላለታለሁ።"

"ጎማ ቢሆንማ በምን ዕድሌ!" አለችና ተመለሰች።

መንገዱን ስትሻገር በጣቷ ቆጠረች። ከማክሰኞ እስከ ትናንት፣ ምልክቷን አምና ቴፑን ልብ ሳትል ያወጣችው ጥቅል አሥራ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ገላ ላይ ውሏል። አፈረች፤ ከሀፍረቷ ይልቅ ግን ፍርሃቷ በለጠ።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኃይሌ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ።

"በይ፣ ያለውን ሁሉ እንደገና ቀቅዪ። የዛሬዎቹን ቀዶ ሕክምናዎች ለነገ እናስተላልፋለን።"

"እስካሁን የታከሙትስ?"

"ታመምኩ ብሎ የመጣ አለ? የለም። ይህ ወሬ ከወጣ ቡታጅራ ውስጥ ማን ይመጣልናል? የአንቺም የእኔም እንጀራ እዚህ ነው፣ ሳሌሃ። ጥፋቱን እኮ ማንም አላየም።"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ደሃ ሴት በነፃ ሲያክም ስንት ጊዜ አይታዋለች። ደግሞስ ልታምነው ትፈልግ ነበር። ወደ ክፍሏ ገብታ ቀዩን ምልክት በአልኮል ጠረገችው፤ አልለቅ አላት። በምላጭ ፋቀችው። ጥቅሎቹን መልሳ ከተተች፣ ቡታጋዙን ለኮሰች፣ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሳች። ጠቋሚው አንድን እስኪያልፍ ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ ቆየች።

ከሶላት በኋላ ቆጮ ነጋዴዋ ኡሚ መጣች። ረቡዕ እዚሁ በቀዶ ሕክምና ከእጅ አንጓዋ ላይ ዕጢ ወጥቶላት ነበር፤ ዛሬ ፋሻ የምትቀይርበት ቀን ነው።

"ሳሌሃዬ፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። የቁስል ነገር ነው አይደል?"

ሳሌሃ ፋሻውን ፈታች። የስፌቱ ዙሪያ ቀልቷል፤ ስትነካው ይሞቃል። ዶክተር ኃይሌ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። 'አዎ፣ የቁስል ነገር ነው' ማለት እንዴት ቀላል ነበር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ስንቱን በሽተኛ ስትቆጣ ኖራለች።

"አይደለም፣ ኡሚዬ" አለች። "በደንብ ባልተቀቀለ ዕቃ ነው የታከምሽው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዶክተር አሁኑኑ ያይሻል።"

ኡሚ እጇን ሰብስባ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዶክተሩን አየች። ዶክተር ኃይሌ ገብቶ ጓንት ማጥለቅ ጀመረ።

ሳሌሃ የታካሚዎቹን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች፤ ማክሰኞ የሚለውን ገጽ ገለጠችና የመጀመሪያውን ስልክ ቁጥር መታች።