በምስማር ላይ የተሰቀለው ሽቦ

ወንድሜና እኔ በአንድ ግቢ እየኖርን፣ አንዲት መኪና እየጠገንን፣ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ቃል የምንለዋወጠው በእናታችን በኩል ነው። እሱ ሞተሩ ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቶ፣ «እማዬ፣ ልጅሽን መብራቱን ወዲህ ያድርገው በይው» ይላል። እኔ ከመሪው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ «ልጅሽን መብራቱ ለእኔም ያስፈልገኛል በይው» እላለሁ። እናታችን በመሀላችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። «ልጅሽ፣ ልጅሽ! የትኛውን ነው የምትሉት? የወለድኩት ሁለት ደንቆሮ ነው» ትልና መልእክቱን እንኳ ሳትደግመው ወደ ክሯ ትመለሳለች። ምን ይደገማል፤ ሁለታችንም ሰምተናል።

መኪናዋ የአባታችን ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የድሮ የስፖርት መኪና። አባታችን «እሜቴ» ይላት ነበር፤ ስትነሳም ስታስቸግርም እንደ እመቤት ነው የሚለማመጣት። እሱ ከሞተ ወዲህ በጋራዡ ጥግ ሸራ ተከናንባ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሽቦዋን አይጥ እየቆረጠመው ቆማ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እናታችን ሸራውን ገፈፈችው።

«ይቺን አስነሱልኝ» አለች። «አባታችሁ ያስቀምጠኝ እንደነበረው አስቀምጣችሁ በዚህ በር አውጡኝ። ከዚያ ወዲያ ከፈለጋችሁ ተባሉ።»

ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ሞተሩ፣ ፍሬኑና ማርሹ የእሱ ሆነ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከባትሪው እስከ ኋላ መብራቱ ያለው ሽቦ ሁሉ የእኔ። ድንበር እንዳላቸው ሁለት አገሮች ተከፋፈልናት።

ንዴቴ ከየት እንደመጣ ልናገር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ዳቦ ቤት ፒካፕ ነበረችው። ወንድሜ የቤንዚን ቱቦዋን ቀየረ፤ እኔ የፊት መብራቶቿን ሽቦ አደስኩ። በማግስቱ መንገድ ላይ ተቃጠለች። ሰው አልተጎዳም። ተጎትታ ግቢያችን ስትገባ ኮፈኗን የከፈትነው ሁለታችን ነን። የእኔ ፊውዝ ደህና ነበር። የቤንዚን ቱቦው ማሰሪያ ግን ቡሎኑ ስላልጠበቀ ተከፍቶ ከሥር ወድቋል። ወንድሜ ማሰሪያውን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ኪሱ ከተተው።

«ምንድን ነው ያቃጠላት?» አለው ባለ ዳቦ ቤቱ።

«ሽቦ ነው» አለ ወንድሜ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁሌም ሰው ከሄደ በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ነው። እናቴ ማታ ራት ስታቀርብልኝ «ዝም በል፤ ነገር ይረሳል» ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

አልተረሳም። በአጥራችን ጥግ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ «ክብሪት» ብሎ ስም አወጣልኝ። ስም ማውጣት ይችልበታል፤ ጎማ መለጠፉን እንዲሁ ቢችልበት ኖሮ ሀብታም በሆነ። «ክብሪት መጣ፣ ቤንዚኑን ደብቁ!» ይላል፤ መንገዱ ሙሉ ይስቃል። ደንበኞች መኪናቸውን ሲያቆሙ ወንድሜን ነጠል ያደርጉና፣ ቀስ የሚሉ እየመሰላቸው፣ «ያ ልጅ እንዳይነካብኝ» ይሉታል። ወንድሜም «ግድ የለም» ይላቸዋል። ግድ የለም! ይህቺን ቃል ስሰማ ጥርሴ ራሱን ይነክሳል። ድሮ «ጋሼ» ነበር የምለው። ያን ቀን «ጋሼ» ከአፌ ጠፋ፤ አልተመለሰም።

ስለዚህ ከእሜቴ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በእኔ ሽቦ፣ ጭስ ሳይታይባት በበሩ እንድትወጣ። እንዲያ ከሆነ «ክብሪት» የሚለው ስም በራሱ ይወድቃል ብዬ ነው።

አሮጌውን ሽቦ አንድ በአንድ አውጥቼ አዲስ ዘረጋሁ። ጡሩምባዋ ሞቶ ነበር፤ ፈታትቼ ዝገቱን ጠርጌ ነፍስ ዘራሁበት። ከመሪው ሥር ተንጋልዬ ሳለሁ እጄ ሥራውን እየሠራ ልቤ ይሄዳል፤ ራሴን አንዲት የኤሌክትሪክ ጠብታ አድርጌ ከባትሪው ተነስቼ በቀዩ ሽቦ እፈስሳለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ በብረቱ ገላ ዞሬ ባትሪው ቤት እገባለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን «የሄደ ኤሌክትሪክ መመለሻ ይፈልጋል፤ መንገዱን ብትዘጉበት በመስኮት ይገባል» ይሉን ነበር። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔ መስኮቱን አስባለሁ።

ቀኑ ደረሰ። እናታችን ሻርፗን አስራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ መጣ። ባለ ዳቦ ቤቱም ዱቄት በነካው ሽርጡ በሩ ላይ ቆመ። ወንድሜ መሪውን ያዘና ሞተሩን የሚያስነሳውን ቁልፍ ተጫነ።

ሞተሩ እንደታመመ በሬ አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ። ደግሞ ተጫነ። ከመሪው አጠገብ ጭስ ቦለል አለ።

«ክብሪት ተጫረ!» አለ ጎሚስታው። ሳቁ ግቢውን ሞላው።

ወንድሜ ዘሎ ወርዶ ባትሪውን ነቀለ። ላቡን እየጠረገ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ነግሬሽ አልነበረም እማዬ? የልጅሽን ሥራ አየሽው?» አለ።

ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ራሴን ከመሪው ሥር አገኘሁት። ሽቦዎቼን በጣቴ ዳበስኳቸው። ቀዝቃዛ ናቸው፤ አንዳቸውም አልሞቁም። የጋለው የቾኩ ገመድ ነው፦ ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ አየሩን ለመዝጋት የሚጎተተው ቀጭን የብረት ገመድ። ልባሱ ቀልጦ ይጤሳል። እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ነገር አይደለም። ምን ሊሠራ እዚያ ገባ?

በመስኮት ነው የገባው።

ወርጄ ከሞተሩ ሥር ተመለከትኩ። ሞተር የሚቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከመኪናዋ ገላ ጋር የሚያገናኝ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ወፍራም የመዳብ ሽቦ መኖር አለበት፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በእሱ ነው። ጉንጉኑ በቦታው የለም። የቡሎኑ ቀዳዳ ባዶውን አፉን ከፍቷል። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ ያገኘው ከሞተሩ ወደ ገላዋ የምትሻገረውን ቀጭኗን የቾክ ገመድ ነው፤ አቃጠላት።

ጉንጉኑ የት እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ ሞተሩን ሲያወርድ ፈትቶት፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቅሎታል። በየቀኑ በሥሩ አልፈናል። እሱ «ሽቦ ነው፤ ያስረዋል» ብሎ አለፈ። እኔ «ከሞተሩ ላይ ፈትቶታል፤ ያስረዋል» ብዬ አለፍኩ። አንዳችን «ያቺስ?» ብንል ይበቃ ነበር። ማን ይተንፍስ!

ሄጄ ከምስማሩ አወረድኩት። ወንድሜ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ መካኒክ ነው፣ ወዲያው ገባው። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ፊቱን ግን ወደ እናታችን አዞረ።

«ያንን ይስጠኝ በይው።»

«ማሰር የነበረበት ማን ነው በይው» አልኩ።

«ሽቦ ነው። ሽቦ የእሱ ነው በይው።»

«የፈታ ያስራል በይው።»

እናታችን ቦርሳዋን እንደያዘች ፊት ለፊቷን ታያለች።

«እሺ፣ የዚህኛው ቡሎን የማንም ይሁን» አልኩ። «የዚያኛው ቡሎን የማን ነበር? የፒካፑ? እሱን ይናገርና አስራለሁ። ካልተናገረ ይሄ ከእጄ አይወጣም። እሜቴም እዚሁ ትበስብስ።»

ሳቁ ቆመ። ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኧረ ተው ወንድሜ፣ የቤት ገመና በአደባባይ አይሰጣም።»

«የእኔ ስም የተሰጣው የት ነው? ጓዳ ነው?» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

ወንድሜ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጸዳውን እጅ ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእናታችን፣ «የፒካፑ ማሰሪያ የእኔ ነበር በይው» አለ።

«እሱ ያውቀዋል» አለች እናታችን። «እኔም አውቀዋለሁ። ያኑ ዕለት ሱሪህን ሳጥብ ማሰሪያውን ከኪስህ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄን መልእክት አላደርስም። ባለቤቱ ያውልህ፣ በሩ ላይ ቆሟል። አፍህን ይዘህ ሂድ።»

ሄደ። ከመኪናዋ እስከ በሩ ያለው መንገድ እንዲያ ረዝሞ አይቼው አላውቅም።

«የፒካፕህን የቤንዚን ቱቦ ማሰሪያ አላጠበቅኩትም ነበር» አለ። «ሽቦ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ወደ እኔ አየና ወደ እሱ ተመለሰ። «እና ይሄን ልጅ ክብሪት ስንለው አብረኸን ትስቅ ነበር?»

ወንድሜ የያዘውን ጨርቅ ኪሱ ከተተው።

ይሄን ቀን አልጋዬ ላይ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። በሕልሜ ደረቴ ቀለል ይላል፣ ሰው ያቅፈኛል። እውነቱ ሲመጣ ግን ቀለል ያለኝ ነገር የለም። እንዲያውም ሌላ ንዴት መጣብኝ። እናቴ ታውቅ ነበር! ማሰሪያውን በእጇ ይዛዋለች፣ «ነገር ይረሳል» ያለችኝ አውቃ ነው፣ ሁለት ዓመት በመሀላችን ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ እያወቀች ነው። ዞር ብዬ አየኋት። ሻርፗን አስተካከለች።

ቃሌን ስለሰጠሁ ገብቼ አሰርኩት። ወንድሜም ከወዲያኛው በኩል ገባ። እኔ የገላውን ጫፍ፣ እሱ የሞተሩን ጫፍ ያዝን፤ ራሳችን ሊጋጭ ምንም አልቀረውም፤ አልተነጋገርንም። ሲጨርስ እጁን ሰዶ የእኔን ቡሎን መጥበቁን ሞከረው። እኔም የእሱን ሞከርኩት።

ባትሪው ታሰረ። ፀሐዩ ሞቅ ስላለ ቾክ አላስፈለገም። ወንድሜ ቁልፉን ሲጫን እሜቴ አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ተነሳች። አገሳች አልልም፤ የአባቴ ሳቅ ነው የመሰለኝ፣ ያ ከሆዱ የሚወጣው። እናቴ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ። ቢሆንም አልቀረብኩም።

መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ወንድሜ ፍሬን ሲይዝ ሁለቱም የኋላ መብራቶች ቦግ አሉ። ጭስ የለም።

«ጎበዝ ክብሪት!» አለ ጎሚስታው ከልቡ። ማለቱን እንኳ አላወቀውም።

ከበሩ ውጭ መኪናዋ ቆመች። ወንድሜ ወረደ። የሾፌሩን በር እንደተከፈተ ተወው፤ መቀመጫው ባዶ ነው። እናቴ ዞር ብላ ወደ እኔ ታያለች። እሱም ወደ ውስጥ ጎንበስ አለና ጡሩምባውን ነፋው። አንዴ። ቆይቶ ደግሞ።

እኔ ነፍስ የዘራሁበት ጡሩምባ ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እየጠራኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ና፣ አንተ ንዳት ማለቱ ነው። ለባለ ዳቦ ቤቱ ተናግሯል፣ ለእናቴ ተናግሯል፣ አሁን ደግሞ በጡሩምባ ይናገራል። ለእኔ አንዲት ቃል አልወጣችውም።

የወደቀውን መፍቻ አንስቼ ጋራዡ ገባሁ። ጨርቅ ፈልጌ መፍቻውን መወልወል ጀመርኩ። ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ።

አፍ አለው። በአፉ ይጥራኝ። እስከዚያ ይንፋ።