ስንጥሩን ማወፈር

ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ነፋስ ቢነሳ ይዞት ይሄዳል እያሉ «ስንጥሩ» አሉት። ታላቅ ወንድሙ ልብስ ሰፊው ደግሞ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ታዲያ በሽታው የመረጠው ደንዳናውን ሆነና ጉበቱ ጠጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ውሃ ቋጠረ።

ሐኪሟ ከጤነኛ ዘመድ ጉበት ተቆርጦ ቢሰጠው እንደሚድን፣ የሰጪውም ተመልሶ እንደሚያድግ ስትነግራቸው ስንጥሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«የኔን ውሰዱለት! ለወንድም ጋሼ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ደማቸው ገጠመ። የቀረው የጉበቱ ምርመራ ነበር፤ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው።

እናት ሌላ ጭንቀት ያዛት። ይሄ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ከሆዱ ተቆርጦለት ምን ሊተርፈው ነው? ጓዳ ገባች። ጠዋት እንቁላል በቅቤ፣ ቀን ጮማ፣ ማታ ወተት ከነሰልባቦቱ።

«ጠገብኩ እኮ፣ እማ!»

«ጨምር! ለሁለት ሰው ነው የምትበላው።»

ጉንጩ ሞላ፣ ሱሪው አልዘጋ አለ። ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ ሆኖ እየሳቀ ወገቡን አሰፋለት። ሐኪሟን የጠየቀ ማንም የለም። ልጅን ማብላት ደግሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል እንዴ?

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ የጉበቱን ምስል ደጋግማ አየች።

«ጉበቱ ስብ ይዟል። እንዲህ ሆኖ ብንቆርጠው ለሁለቱም አደጋ ነው። ይክሳና እንደገና እናየዋለን።»

ቅንድብ እኩላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። እናት ያንን ሁሉ ቅቤ በገዛ እጇ እንዳቀለጠች አስባ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ስንጥሩ ጎህ ሲቀድ እየሮጠ፣ ቀን በቅጠላ ቅጠል እየዋለ ከሳ። እናት አሁን ሳህን የምትነጥቀው ሆነች። የሱ ስብ ሲቀልጥ ግን የወንድሙም ዕድሜ አብሮ ይቀልጥ ነበር። «አሁን ጉበቱ ንጹህ ነው» በተባለበት ሳምንት የልብስ ሰፊው ደም ተመርዞ፣ ኩላሊቱም ደክሞ፣ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ተባለ። ቤት ወሰዱት።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ልጄ!» አለች እናት፣ እግሩ ሥር ተደፍታ።

«ተይ እማ፣ ማን ነገረሽ? ሁላችንም ስንስቅ ነበር እኮ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ይልቅ ለዚህ ልጅ ደህና ምሳ ስጪው። በኔ የተነሳ ተርቦ ከረመ።»

ምሳው ቀረበ። ስንጥሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በሞቴ፣ ብላ» አለው ወንድሙ።

ስንጥሩ እንባውን ሳይጠርግ መብላት ጀመረ። እናት የጓዳው በር ላይ ቆማ አንዱ ልጇ ሲበላ፣ ሌላው እሱን ሲያይ ተመለከተች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ጨምር» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት።