የጉማሬው ግለ ሂስ

...ጉማሬው እውነቱን ከሆነ ጥጃ ያክል ነበር፣ ጥጃ የሚያክል ጉማሬ ደግሞ ማንን ያስቃል፣ ስለዚህ አንደኛው ገጽ ላይ በሬ አደረግኩት፣ ሁለተኛው ላይ ኤንትሬ መኪና፣ ከነተሳቢው፣ ካድሬው ጓድ ደምሴ አሁን ተሳቢው ጋ ደርሷል መሰለኝ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ድራማዬን ያነባል፣ ፊቱ ግን ድንጋይ። ምናለ ጥርሱን ቢያሳየኝ። አንዴ።

የቀበሌው አግዳሚ መቀመጫዬን ጨርሶታል፣ ከሐይቁ ንፋስ ይገባል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ታቢታ አጠገቤ ሆና በክርኗ ትጎስመኛለች፣ ጎረቤቴ ናት፣ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ጉማሬው የበላውም የሷን ጎመን ነው። ጓሮዋን ያጸዳው ዕለት እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ለሰፈሩ አወራለሁ፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፣ ኋላ እሷም ንፍጧን ሳትጠርግ ሳቀች፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ይቺን ለአብዮት በዓል ድራማ አርገው ይጻፉልን፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን የሚሠራው አጥቷል፣ አለችኝ። እኔ? ባሌ ገብረየስ ከሞተ ወዲህ እኮ ቀለም አልነካሁም፣ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ እኔ አንዲት መስመር የለኝም። ዱሮማ እጽፍ ነበር፣ እሱ አስተማሪ ነው፣ ድራማዬን ተማሪዎቹን ያሠራል፣ ሳነብለት ቀልዱ ሳይደርስ ቀድሞ የሚስቅ ሰው፣ እሱን ቀብሬ ለማን ልጻፍ፣ ለግድግዳው? ግድግዳ አይስቅም። ሞክሬዋለሁ።

እና ወረቀት ይዤ ቁጭ ብል እጄ የሰው እጅ፣ አንድ ቃል ጽፌ ሦስት እሰርዛለሁ፣ ያልጻፍኩትን ሁሉ ሰረዝኩት፣ በመጨረሻ ጉማሬው ራሱ ሰለቸውና አፉን ከፍቶ ጓዶች! አለ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ዶሮዎቹ ደንግጠው ወጡ። ደስ አለኝ፣ በሞቴ ደስ አለኝ። ይሄ ደምሴ ዛሬ አይሆንም ካለኝ ግን አበቃ፣ በዚህ ዕድሜ ሁለቴ አይነሳም።

እማማ።

አቤት ጓድ።

ጉማሬው ምንን ነው የሚወክለው?

ጉማሬን ነዋ ልጄ።

አይ፣ በመደብ ደረጃ ማለቴ ነው።

በመደብ... ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ታቢታ ክርኗን ጎኔ ውስጥ ቀበረችው፣ ኢምፔሪያሊዝም ነው ይበሉት፣ ይበሉት እንጂ! ኢምፔሪያሊዝም ነው እላለሁ። ታዲያ ጎመን ለምን ይበላል? አይጠግብማ፣ ስንት አገር በልቶ አይደል እንዴ ታቢታ ጓሮ የደረሰው። ልክ ነው ይላል፣ ይጽፋል፣ ኧረ እኔስ ካድሬ መሆን ነበረብኝ።

እንግዲያው ሸሽቶ ሐይቅ መግባት የለበትም፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት ቀርቦ ግለ ሂስ ማድረግ አለበት።

ጉማሬው?

ጉማሬው።

ሲቀልድ ነው ብዬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ፣ የለም፣ የምሩን ነው፣ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፍ ላይ የወጣበትን፣ የምወደውን ገጽ፣ እንዳለ ሰረዘው፣ ነጠላዬን ሰበሰብኩ፣ ተነሽ ጥሩወርቅ፣ ወደ ዶሮዎችሽ። እንሂድ ታቢታ። ጉማሬ እንዴት ነው ግለ ሂስ የሚያደርገው፣ የት ይቀመጣል፣ አግዳሚው ይሰበራል፣ ቆሞ ነው እንግዲህ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የፊተኛው ረድፍ ይረጥባል፣ ጓዶች፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጎመኑ ጨው አልነበረውም... ውይ። በሁለተኛ ደረጃ አበላሌ በዕቅድ የተመራ አልነበረም፣ ድክመቴን አምናለሁ፣ ካሮቱን ሳልነካ ነው የሄድኩት...

ልጄ፣ እስቲ እስክሪብቶህን።

ቀዩን?

ሌላ ምን አለህና።

ቆሜ እጽፋለሁ፣ በወረቀቱ ጀርባ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ፣ ቃሉ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ እጄ አይደርስበትም፣ ደምሴ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ ያነባል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ካሮቱ ላይ ሲደርስ በሳቅ ፍርፍር አለ፣ ጓድነቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ታቢታ ኧረ ምንድነው፣ ለኔም አንብቡልኝ፣ ጎመኑ የኔ አይደለም እንዴ! ትላለች፣ እሱ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣

ከዚያስ፣ እማማ? ሕዝቡ ምን አለው?

ትንሽ ታገስ ልጄ፣ እኔም ገና አላየሁትም፣ አንዲት አሮጊት እጇን አውጥታለች፣ ልትናገር ነው...