ዶሮው የተሣለበት ሰሌዳ

«ይሄ ግንደ ቆርቁር ነው ወይስ ግንድ ላይ የወጣ ዶሮ?» ብሎ የደኑን መግቢያ ሰሌዳ የሣለውን ቀለም ቀቢ የሰደበው የደን ቢሮው ኃላፊ ነበር፤ ያውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰኞ ጠዋት፣ አናጺዎቹ ሻያቸውን ይዘው በተቀመጡበት። ቀለሙ ከእጁ ሳይደርቅ ስም ወጣለት። ቀለም ቀቢው ከዚያ ወዲያ በግቢው «ጋሽ ዶሮ» ሆኖ ቀረ። የገዛ ሚስቱ እንኳ ሲጠሩት ሰምታ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ቂሙን እያመነዠከ ዓመታት ኖረ። ‘ክራባት ያሰረ ሁሉ አዋቂ! ያ ክራባት ባይዘው ጭንቅላቱ ወድቆ በቀረ’ ይላል ለራሱ። ዘንድሮ የደኑ መግቢያ ሰሌዳ እንደ አዲስ ይሠራ ሲባል ግን ሥራውን ለምኖ ወሰደ። ሰድቦ ለሰዳቢ የሰጠው ሰው፣ በእነዚያው ሰዳቢዎች ፊት ቃሉን ሲውጥ ማየት ፈለገ።

ደኑ ውስጥ ገብቶ፣ እርጥብ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ወፉን ጠበቀ። ወፍ ተብሎ! ለአንድ ትል ሲል ቀኑን ሙሉ ግንድ በራሱ ሲደልቅ የሚውል፤ ከሚስቱ ወንድም በምን ይሻላል? ቢሆንም አየ። ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ዝንጉርጉር ነው። ወንዱ ማጅራቱ ላይ ቀይ አለው፤ ሴቷ የላትም። ከጣቶቹ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ሆነው ቅርፊቱን ይቆነጥጣሉ። ጅራቱ እንደ ጭራሮ የደረቀ ነው፤ ግንዱ ላይ ተክሎት እንደ ሦስተኛ እግር ይደገፍበታል።

እሱ ያኔ የሣለው ጅራቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሊጮህ የተነሣ አውራ ዶሮ መሆኑ እዚያ ተቀምጦ ገባው። ገብቶትም ኃላፊውን ይበልጥ ጠላው። እውነት ያለበት ስድብ ከሐሰቱ ይልቅ ይቆጠቁጣላ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ኃላፊው መጣ፤ አናጺዎቹም መጋዛቸውን አስቀምጠው ከበቡ። ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ ጅራቱን በጣቱ ተከተለ።

«እጅህ ይባረክ፣ ጋሼ። ግንደ ቆርቁር ማለት እንዲህ ነው።»

የቀለም ቀቢው ደረት ነፋ አለ። ይኸው፣ አሁን ቃሉን ሊውጥ ነው። ኃላፊው ግን ግድግዳ ሥር የተጣለውን አሮጌ ሰሌዳ በጫማው ጫፍ ገልበጥ አድርጎ ሳቀ።

«ይሄን የዶሮ ጉድ ማን ነበር የሣለው? አንተ ታውቀዋለህ?»

ለካ ሰዳቢው ስድቡን የዚያኑ ዕለት እዚያው ሻዩ ላይ ጥሎት ሄዷል። አናጺዎቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ አንዱ ሳቁን በሳል አፈነ። እኔ ነኝ ቢል ዶሮነቱን በገዛ አፉ ሊያጸድቅ፤ አላውቅም ቢል ግቢው ሙሉ ምስክር።

ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቀለለ። የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን በተረከዙ መታ መታ አድርጎ ዘጋና በአጥሩ በር ወጥቶ ሄደ።