የአዴ ቶይባ የሳንቲም ድሪ

የታሪክ መምህርቷ ሮማነወርቅ ድሪውን ለተማሪዎቿ ልታሳይ የተዋሰችው አፏን ሞልታ «እመልሳለሁ» ብላ ነው። ናዝሬት ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው የሚሸጡት አዴ ቶይባም ከአንገታቸው አውልቀው ሲሰጧት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለትንሿ ልጃቸው ለበድሪያ ሠርግ እንዲደርስ።

ተራ ጌጥ አልነበረም። በእነ አዴ ቶይባ ዘር ሴት ልጅ ስትዳር በጊዜው ከሚሠራበት ገንዘብ አንዱ ይበሳና ከቀድሞዎቹ ቀጥሎ ክሩ ላይ ይገባል። መጀመሪያ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ስስ መሐለቅ፣ ቀጥሎ ግብፆች ሐረርን ሲይዙ ያመጡት፣ ከዚያ የምኒልክ ብር፣ የጣሊያን ሊሬ፣ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም፤ መጨረሻ ላይ አምና ታላቂቱ ልጅ ስትዳር የገባው የደርግ ሃያ አምስት ሳንቲም። መጽሐፉ በአንድ መስመር የሚዘለውን ዘመን የሮማነወርቅ ተማሪዎች በጣታቸው እየዳሰሱ ተማሩት። የምኒልኩ ከእጅ እጅ ሲዞር አልቆ ልሟል፤ ሊሬው ግን አዲስ ነው። ለምን ቢሏት «ማን አምኖት ይገበያይበታል?» አለቻቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ይህን የሰማው የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ዘገዬ ድሪውን ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ወሰደው። «በዓሉ ሲያልፍ ትወስጂዋለሽ» አላት። እምቢ ማለት በማይቻልበት ዘመን ምን ትበል?

በዓሉ አልፎ አዳራሹ ስትገባ ደሟ ፈላ። ሳንቲሞቹ ከክራቸው ወጥተው፣ በትልቅና በትንሽ ተለይተው፣ ጣውላ ላይ በኮከብ ቅርጽ በሲሚንቶ ተለስነዋል። ያውም በፊታቸው ተደፍተው፣ የንጉሥ መልክ እንዳይታይ! ከሥሩ «በዝባዦች ከሰፊው ሕዝብ የመጠጡት ሀብት» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ ሲያስነጥሳቸው የኖሩት አዴ ቶይባ ሰፊ ሕዝብ ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?

«ጓድ ዘገዬ፣ የሰው ንብረት በሲሚንቶ?»

«በደንብ እንዲይዝ ነው።»

«ተራቸውስ? ታሪኩ እኮ ተራቸው ነው! ማን ከማን በኋላ እንደመጣ አሁን በምን ይታወቃል?»

«የሰፊው ሕዝብ ታሪክ የጀመረው በአብዮቱ ነው» አለና ከሌሎቹ ለይቶ ያስቀራትን የደርጉን ሃያ አምስት ሳንቲም ከኪሱ አወጣ። «ይልቅስ ይህን የበሳው ማነው? የአብዮቱን ገንዘብ መብሳት ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

ሳንቲሟን የበሳው አንጥረኛ ስም አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«እኔ ነኝ።»

አፍጥጦ አያት። እንደማይሆን ያውቃል፤ ግን በዓሉ በሰላም ማለፉን ሪፖርት አድርጎ ጨርሷል፤ አሁን ወንጀል ተገኘ ቢል ራሱም ይጠየቃል። ሳንቲሟንና ባዶውን ክር ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

አዴ ቶይባ ቤት የገባችው አንገቷን ደፍታ ነው። የሆነውን ስትነግራቸው አሮጊቷ ተነሥተው ቆሙ።

«ያ ረቢ! የአያቴን ጌጥ በሲሚንቶ? ምን በደልናቸው? ከማን ሰረቅን?»

ሠርጉ ደርሷል፤ ለበድሪያ አንገት የተረፈው ያው ብቸኛ ሳንቲም ነው። ሮማነወርቅ ክሩ ላይ አስገባችው፤ የቀረው ክር ባዶውን ተንጠለጠለ። ቢያንስ እንዳያሳፍር ላሳጥረው ብላ መቀስ አነሣች።

አዴ ቶይባ እጇን ያዙ።

«እንዳትቆርጪው!» አሉ በቁጣ። «እነዚህ ሲሄዱ የሚመጣውን ሳንቲም የት ላስገባው ነው?»