ዳዶው በጀርባ በኩል

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ያወጣችውም እናት ናት። ልጅቷ በአውሮፕላን ደህንነት መሥሪያ ቤት በመሐንዲስነት በተቀጠረች ቀን፣ እናት ጭልፋዋን እንደያዘች ባሏንና ልጇን አፈራርቃ አየችና ከዛሬ ጀምሮ የአውሮፕላን ወሬ ከጫማ ጋር ደጅ ይቀራል አለች። ምክንያት ነበራት። አባት ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ልጅ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ መካኒኮች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የምትጽፍ ሰው ልትሆን ነው። አዛዥና ታዛዥ አንድ ገበታ ላይ ከተቀመጡ የሚተርፈው የጨጓራ በሽታ ነው ባይ ናት እናት።

ሕጉ ሰባት ዓመት ተከበረ። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ልጅ የአባቷን ሥራ እንድትቆጣጠር አይፈቅድም ነበርና ነገሩ ለሁሉም ተመቸ። አባትና ልጅ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ውሻና ስለ እናት ጉልበት እያወሩ ኖሩ። ቀን አባት በሚሠራበት ሀንጋር ውስጥ ወጣቶቹ «አባ ዳበሳ» ይሉታል። መብራትም መስታወትም የማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ እጁን ሰዶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ በጣቱ ብቻ ብሎን ፈትቶ ብሎን ያስራል። መስታወት ሲያቀብሉት ከእጅ አይሻል ዶማ ብሎ ይመልስላቸዋል። ልጁ ግን ይህን ቅጽል ስም ሰምታው አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት፣ መሬት ላይ የቆመ አንድ አውሮፕላን የዕቃ ክፍል ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሲሸት ነው። የጣሪያውን ሽፋን ሲከፍቱት አንድ የሽቦ ጥቅል ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ የላስቲክ ልብሱ አልቆ አገኙት። ሰው ሽቦ ሲባል የሚፈራው ብልጭታውን ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግን ሽቦን የሚገድለው መፋተግ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማው፣ በየበረራው ትንሽ ትንሽ እየላጠ። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ያንኑ ዓይነት ሠላሳ አንድ አውሮፕላኖች በአራት ሀንጋሮች ውስጥ ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሊያወጣ ወሰነ፤ ሥራውም ለመሐንዲሷ ተሰጠ። በራሷ ስም የሚወጣ የመጀመሪያ ትእዛዟ ነበር።

ሦስት ገጽ ጽሑፍና አንድ ሥዕል አዘጋጀች። ሽቦው ሽፋን ይለብሳል፤ በማቀፊያ ይታቀፋል፤ ማቀፊያው ከብረቱ ጋር በአንድ ብሎንና ብሎኑን ከጭራው በኩል በሚያጠብቅ አንድ ዳዶ ይታሰራል፤ ሁሉም በስድሳ ቀን ይጠናቀቃል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደ ሃይማኖት የተያዘ አንድ አባባል አለ፦ ተቆጣጣሪ በዓይኑ ያላየውን አያጸድቅም። ስለዚህ መሐንዲሷ ዳዶው ከመዳፍ ወደማይበልጠው የጣሪያ መክፈቻ ፊቱን አዙሮ እንዲታሰር አድርጋ ሣለችው። ተቆጣጣሪው በባትሪ አብርቶ፣ ዳዶው መጥበቁን አይቶ፣ ፈርሞ ይሄዳል። እርግጥ በመክፈቻውና በዳዶው መካከል ሌላ የሽቦ ጥቅል ያልፋል። ግን ከሀንጋር በመጣላት ፎቶግራፍ ላይ ስትለካው የጣት ክፍተት አገኘች። ሥዕሉ ልቅም ያለ ነበር፤ አለቃዋም ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ እናደርገዋለን አላት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሥራ ባየ ቁጥር «ድገመው» እያለ መካኒኮችን ስለሚያማርር ድገመው የሚል ስም የወጣለት ተቆጣጣሪ ወደ ቢሮዋ ገባ። በሩን ዘጋው። በሰባት ዓመት ውስጥ በር ዘግቶ አያውቅም። ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ዓይኗን ሳያይ ነገራት። አንዱ ሀንጋር ውስጥ በዘጠኝ አውሮፕላኖች ላይ ባትሪ አብርቶ ዳዶ አላየም። የሚታየው ለስላሳው የብሎን ራስ ብቻ ነው። ዳዶው በጀርባ በኩል፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ታስሯል። ዘጠኙም ላይ ግን «በሥዕሉ መሠረት ተሠርቷል» ተብሎ ተፈርሟል። የፈረመው ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ፊርማውን ታውቀዋለች፤ በትምህርት ቤት ካርዶቿ ሁሉ ላይ አለ።

ያልሠሩትን ሠርቻለሁ ብሎ መፈረም የሙያ ፈቃድ ለስድስት ወር ያሳግዳል። አባት ጡረታ ሊወጣ የቀረው አምስት ወር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ጥፋት ያልተመዘገበበት ሰው፣ ፈቃዱን ተነጥቆ በጓሮ በር ሊሸኝ ነው ማለት ነው። መሐንዲሷ መጀመሪያ የተሰማት ኀፍረት ነበር፤ ቀጥሎ ንዴት። ዓይኑ ደክሟል፣ ሥዕሉን አገላብጦ ነው ያነበበው፣ ይህን ያህል ጊዜ እኔ ልጁ እንዴት አላስተዋልኩም አለች በሆዷ። የትእዛዙ ባለቤት እሷ ስለሆነች፣ ዳዶውን በጀርባ ማሰር እንደማይፈቀድ በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ድገመው እስከ ማግስቱ ጊዜ ሰጣት።

ቤት ስትደርስ እናት ድንች ትልጣለች፤ አባት የጓዳውን በር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስለ ሥራ ልጠይቅህ ነው አለችው። እናት ቢላዋዋን አቆመችና የልጇን ፊት አየች። ከዚያ ሕጉ ለአንድ ሰዓት ተነሥቷል፣ ሰዓት እይዛለሁ ብላ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

«ዳዶውን ለምን በጀርባ በኩል አሰርከው?»

አባት አልደነገጠም። ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ።

«ብሎን ጭራውን ወደ ሽቦ አያዞርም። ይሄን ሙያ ስጀምር የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።»

«የጣት ክፍተት አለ እኮ፣ አባዬ። ለክቼዋለሁ።»

«ሲቆም አለ። ሲበር ያ ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው የሚወዛወዘው። ከዳዶው አልፎ የሚወጣው የብሎኑ ጭራ ደግሞ ጥርስ አለው።» ጨርቁን አጠፈ። «ሥዕሉን እንዳየሁት፣ ይሄን የሣለ ሰው እጁን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ አያውቅም አልኩ። ከዚያ ከታች ያለውን ፊርማ አየሁት።»

መሐንዲሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ መስማት አላስፈለጋትም። የአእምሮዋ ዓይን ያንን ሽቦ ሲወዛወዝ አየው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አለችው። አባት ወደ እናት ዞር ሲል እናት በእኔ እንዳታሳብብ አለችው፤ ሕጌ ዝም በል አይልም፣ ገበታ ላይ አታውራ ነው የሚለው።

«ለአለቃዬ ብነግር ደብዳቤ ይጻፋል፤» አለ አባት። «ደብዳቤው ካንቺ በላይ ላሉት ነው የሚሄደው። የመጀመሪያ ትእዛዝሽ ነበር፣ ልጄ። አላስቻለኝም።»

በዳበሳ ዳዶ ማሰር እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። በዘጠኙ አውሮፕላኖች ላይ፣ ሌሎቹ በግማሽ ቀን የሚጨርሱትን ሥራ እሱ ቀኑን ሙሉ እየሠራ፣ በአለቃው እየተነዘነዘ፣ የልጁን ስህተት አንድ በአንድ ሲለቅም ከርሟል። ይህን ስታስበው ልታቅፈው ተነሣች። ተነሥታም አጠገቡ ሳትደርስ ቆመች፤ ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ ሲቀነስ ሃያ ሁለት ነውና።

«የሌሎቹስ ሀንጋሮች?»

አባት የዘይት ጣሳውን አነሣ። ማንም ልምድ ያለው መካኒክ ሲያየው እንደኔ ያደርጋል ብዬ ነበር አለ፤ አባባሉ ግን የእርግጠኛ ሰው አባባል አልነበረም።

«ትእዛዝ ነው እኮ፣ አባዬ። እንደ ሥዕሉ ነው የሚሠሩት።»

አባት የዘይት ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እናት የፈቀደችው አንድ ሰዓት ገና ሩቡም አልሞላም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መሐንዲሷና ድገመው ወደ ሩቁ ሀንጋር ሄዱ። ትእዛዙ ከተፈጸመበት ሰባት ሳምንት የሞላው አንድ አውሮፕላን አስከፈቱ። ባትሪ ሲበራ ዳዶው ልክ እሷ እንደሣለችው ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል፤ ጥብቅ ያለ፣ ንጹሕ፣ ለዓይን የሚያምር። መሐንዲሷ እጅጌዋን ጠቀለለችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። እስከ ክርኗ ገባ፤ ጠርዙ ቆዳዋን ጫረው። ሽቦዎቹን በጣቷ እየተከተለች ሄደች፤ ከብሎኑ ጭራ አጠገብ ስትደርስ ልስላሴው ጠፋና ሻካራ ነገር አገኘች። በመስታወት ሲያዩት የሁለት ሽቦዎች ልብስ ተፍቋል፤ የሦስተኛው መዳብ ያበራል። ድገመው ለረጅም ጊዜ አየና ባትሪውን አጠፋ።

ከቀትር በፊት ሃያ ሁለቱም አውሮፕላኖች ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ ተደረገ። አንድም ሰው ሳይጎዳ፣ አንድም ጭስ ሳይወጣ ተደረሰባቸው። መሐንዲሷ አዲስ ትእዛዝ ጻፈች፦ ዳዶው በጀርባ በኩል ይታሰራል፤ መጥበቁም በእጅ ተዳስሶ ይረጋገጣል። አለቃዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ የማስተማሪያውንም ነገር ዳግመኛ አላነሣውም። ማስጠንቀቂያውን በጸጋ ተቀበለች፤ ይገባኛል አለች፤ ከልቧም ነበር።

የቀረው የአባት ጉዳይ ነው። ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ሆኑ፤ ቃለ ጉባኤውን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ድገመው። ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ድገመው ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ለመሐንዲሷ ሰጣት። «መካኒኩ በዘጠኝ አውሮፕላኖች ላይ ዳዶውን በስህተት በጀርባ በኩል አስሮ…» ይላል። በስህተት። ስህተት ከሆነ ቅጣቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ስድስት ወር። በትንሽ በትልቁ «ድገመው» በማለቱ መካኒክ ሁሉ የሚፈራው ይህ ሰው፣ ያቺን አንዲት ቃል ጨምሮ አሁን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ውሸት መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ጥሩ ነው ብላ መለሰችለት። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋ ሙሉ ሆነ።

አባት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መሐንዲሷ የትእዛዙ ባለቤት ስለሆነች ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ለጋስ ሰው ነው፤ ብዙም አላስቆመውም። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገና ከታች ይፈርሙና እንጨርስ አለው። አባት መነጽሩን አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ። 

«በስህተት የሚለው ይውጣልኝ።»

«ቃሉ እኮ እርስዎን ነው የሚጠቅመው፣ ጋሼ፤» አለ ሰብሳቢው።

«ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ጣቱን ቃሉ ላይ አሳረፈ። «ግን ነገ አንድ ወጣት መካኒክ ይሄን ያነባል። ዘጠኙ ላይ ስህተት አለ ይለዋል፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል። ከፍቶ ያዞራቸዋል። እኛ ሰዎች ወረቀት ነው የምንታዘዘው። ብሎኑ ስህተት የለበትም። የእኔ ጥፋት እያወቅኩ በሐሰት መፈረሜና ዝም ማለቴ ነው፤ እሱ ይጻፍ።»

ሰብሳቢው ድገመውን አየ፤ ድገመው ጠረጴዛውን አየ። ቃሉ ተሰረዘ። በቦታው «ሆን ብሎ» ተጻፈ፤ ከሥሩም ትክክለኛው አስተሳሰር ይህ መሆኑ ተጨመረ። ስድስቱ ወርም በዚያው ብዕር ተጻፈ። መሐንዲሷ ስለ ዘጠኙ አውሮፕላኖች ያን ጠዋት አንዴም እንኳ አላሰበችም ነበር።

አባት ብዕሩን አነሣ፤ ከመፈረሙ በፊት ግን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞር አለ።

«ልጄ፣ አንቺ ይሄን ቀደም ብለሽ አንብበሽው ነበር?»

«አንብቤው ነበር፣ አባዬ።»

አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ፣ በሐዘኔታም በፍቅርም፣ አያት።

«አይዞሽ፤ እኔም ልክ እንዲሁ ነው ያደረግኩት፤» አለና ፈረመ።