የአራት ሰዓቷ ክኒን

ጎሚስታው አምስት ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስል ሚስቱ ነገሩ ዞረባት። ልቡ ድኖ የለ? የልብ ሐኪሙ "እንደ ሰዓት ነው የሚመታው" ብሎ አሰናብቷቸው የለ?

ታዲያ ይህ ሳል ከየት መጣ? መጀመሪያ የጎማው ሽታ ነው አለችና ሱቁን አዘጋችው። ቀጥላ ምንጣፉን ከቤት አወጣች። ድመቷንም ለጎረቤት ሰጠች፤ ምስኪን፣ ምን በወጣት! ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ሄደው ያማከሯት የሳንባ ሐኪም "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ስትል ሁለቱም ባንድ አፍ "የለም" አሉ። አልዋሹም። መድኃኒት ለእነሱ በሽተኛ የሚውጠው ነው፤ እሱ ደግሞ ከልብ ሕመሙ ከዳነ ቆይቷል።

ሐኪሟ ራጁን እያየች ግንባሯን እንደቋጠረች የሚስትየዋ ስልክ ጮኸ። አራት ሰዓት። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ አንዲት ክኒንና የውሃ ጠርሙስ አወጣች፤ ባልየው መዳፉን ዘረጋ።

"ቆዩ! ምንድን ነው እሱ?"

"ይሄማ የልቡ ነው። ምቱ ሲዛባበት የታዘዘለት። ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?"

"መውሰድ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?"

"ሦስት ዓመት ከሁለት ወር" አለች ኮራ ብላ። "አንድም ቀን አላሳለፍኩበትም፣ ልጄ።"

ሐኪሟ ስልኳን አነሳች። ለልብ ሐኪሙ ደውላ ብዙ አወራች፤ ስትጨርስ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ክኒኑ የልብ ምት ያስተካክላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሳንባ ይጎዳል። አሁን ይቆማል፣ ለልቡም ሌላ መላ ይፈለግለታል። ከሰውነቱ ተጠርጎ እስኪወጣ ግን ወራት ይፈጃል፤ ሳንባው ምን ያህል እንደሚያገግምም ከወዲሁ አይታወቅም።

ሴትዮዋ የሰማችውን ማስታረቅ አቃታት። ያዳነውም እሱ፣ የጎዳውም እሱ? ታዲያ እሷ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስታደርግ ነበር?

"በገዛ እጄ ነው የሰጠሁህ" አለችው ቤት ሲገቡ።

"ባትሰጪኝማ" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ይሄን ሦስት ዓመት ማንን ትጨቀጭቂ ነበር?"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ማጥፋቱን ረስታው ኖሯል። እሱም ልማድ ሆኖበት መዳፉን ዘረጋ። የምታስቀምጥለት ብታጣ ተጠግታ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ልቡ ሥርዓቱን ጠብቆ ድም ድም ይላል። ከሥሩ ትንፋሹ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። በየቱ ደስ ይበላት፣ የቱን ትፍራ?

"ምን ይላል?" አላት።

"እኔ እንጃ" አለች ጆሮዋን ሳታነሳ።